የአራስ ብረት በፎገራ ሜዳ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ባሕር ዳር

የሄድሁት ስለ ልጄ ስለ ሰላም ነው። የመመረቂያ ጽሑፏ ከወረታ አልፎ፣ በይፋግ መንገድ፣ በአንድ ገበሬ ጓሮ ባኖረችው የመግነጢስ መለኪያ ላይ የቆመ ነው። መለኪያው በጥቅምት አቦ ዕለት ጥቂት ወርዷል፤ በጥቅምት ገብርኤል ግን እጅግ ብዙ። ደስታዋ በገብርኤሉ ነበር። አስተማሪዋ አላመነም፤ «ብረት ተጠግቶት ይሆናል፤ ሰው ሄዶ በዓይኑ ያጣራ» አላት። እሷ አራስ ናት፤ ገና ሁለት ሳምንቷ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔ እግር አለኝ።

ሳልወጣ ነገሩን አስረዳችኝ። ከፀሐይ የሚመጣ ነፋስ የምድርን መግነጢሳዊ መስክ በሌሊቱ ወገን እንደ ጅራት ይጎትተዋል። ተወጥሮ ተወጥሮ ድንገት ይፈናጠራል፤ ይህን ንዑስ ማዕበል ይሉታል። ያን ጊዜ በዋልታው በኩል ሰማዩ በቀለም ይበራል። እኛ ያለንበት ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ ነው፤ ቀን ቀን ከራሳችን በላይ፣ በሰማይ ከፍታ፣ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ኤሌክትሪክ አለ። ማዕበሉ ሲነሣ ያ ፍሰት ይደክማል፤ መለኪያውም ይወርዳል።

«ዋልታ ላይ የሆነው እኛ ዘንድ በስንት ቀን ይደርሳል?»

«በደቂቃዎች ነው እንጂ፣ እማዬ።»

አማተብሁ። ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ሰማይ ሥር ስኖር ማንም አልነገረኝም።

ረፋድ፣ ወረታ

ሚኒባሱ የጉማራን ድልድይ ሲሻገር ሩዙ ቢጫ ሆኖ ሜዳውን ሞልቶታል። ወረታ ላይ ወርጄ ለአራሷ ስኳር ገዛሁ፤ የገበሬው ሚስትም ወልዳለች ብለውኛል። ቀሪውን መንገድ በባጃጅ ሄድሁ። ዋጋው እንኳ ያስደነግጣል።

እኩለ ቀን፣ ከአያ ሙሉ ቤት

ገበሬው፣ የመለኪያው ጠባቂ አያ ሙሉ፣ በር ላይ ተቀበሉኝ። መለኪያው ከቤቱ ጀርባ በትንሽ ጎጆ ውስጥ ነው። ጎጆዋ ሚስማር የላትም፤ በገመድ የታሰረች ናት። ቁልፌን አስቀመጡኝ፣ የፀጉሬን ሽቦ አስወለቁኝ። የአንገቴ መስቀል እንጨት ስለሆነ አለፈልኝ።

«በገብርኤል ዕለት ብረት አልተጠጋም?»

«እንዴት ተደርጎ፣ እትዬ! ማረሻዬን እንኳ ከማዶ ነው የማኖር። እኔው ራሴ ቀበቶዬን ፈትቼ፣ ሱሪዬን በእጄ ይዤ ነው የምገባ።»

«ጎረቤት ሁሉ ያየዋል!» አለች ከውስጥ ሚስታቸው ይታይሽ፣ እየሳቀች።

ገብቼ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኋት። ገንፎ ቀረበልኝ። እየበላን ስለ ሕፃኑ አጫወተችኝ።

«የተገላገልሁ በሚካኤል ነው። በሳምንቱ በገብርኤል፣ ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ላስመታው ይዤው ወጣሁ። ከዚያች ጎጆ ግድግዳ ተደግፌ ብዙ ተቀመጥሁ።»

«ባዶ እጅሽን?»

«ኧረ በስመ አብ! አራስ ባዶ እጇን ትወጣለች? ሰይጣን እንዳይለክፈኝ ማጭዴን ይዤ ነዋ።»

ገንፎውን ትቼ አያ ሙሉን አየኋቸው።

«እሱ... እሱማ የአራስ ብረት ነው እንጂ!» አሉ።

«በአቦስ ዕለት?» አልሁ።

«ያን ጊዜ መች ወልጄ!» አለች ይታይሽ።

አያ ሙሉም በአቦ ዕለት ማንም ወደ ጓሮው አለመዝለቁን ማሉልኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ቤት

በመንገድ ሁሉ ልደብቀው ይሆን እያልሁ መጣሁ። ማንም አያውቅም ነበር። ነገር ግን የልጄ ሥራ በሐሰት እንዲቆም እመቤቴን መለመን አልቻልሁም። ነገርኋት።

ሰላም ሕፃኗን እያጠባች ሰማችኝ። እንባዋ ወረደ። ቆይታ ወረቀቶቿን ተመለከተች።

«ማዕበሉ በገብርኤል ዕለት በሰሜን ዋልታ ግን ትንሽ ነበር። ልጠረጥር ይገባኝ ነበር። የአቦው ግን ከሰሜኑ ጋር በደቂቃው ይገጥማል። ይኸ እውነት ነው፤ በእሱ እጽፋለሁ።»

«ብታሳዝነኝም ይታይሽን አልቆጣትም» አልኋት። «ብቻ እንዴት ማጭድ ብረት መሆኑን ትረሳለች?»

ሰላም እጇን ከትራሷ ሥር ሰደደችና ቢላዋ አወጣች።

«ይኸንንስ ማን አኖረው?»

የወለደች ዕለት በገዛ እጄ ያኖርሁት ነው። ቀኑን ሙሉ ስለ ብረት ስጠይቅ ውዬ አንድ ጊዜ ትዝ አላለኝም።

ሰላም ደብተሯን ከፈተች። ለመለኪያው ጠባቂ ከምታቀርበው ጥያቄ ሁሉ በላይ «ቤት ውስጥ አራስ አለች?» ብላ ጻፈች። ከዚያ ቢላዋውን ወደ ትራሷ ሥር መለሰችው። ተመስገን አልሁ።