የመቂ ምስጥና የታጠነው ቅል

በ፲፱፻፳፪ ዓ.ም. ዕድሜዬ ሃምሳ ስምንት ነበር። ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልዘልቅ የቀረሁ ሰው ነኝና አጻጻፌን አትዩብኝ።

ሰኞ ንጋት፣ አዳማ። ሁለት በቅሎ ጫንን። ያስከተለኝ ፈረንጅ ሐኪም ነው፤ የሚመረምረው ግን የምስጥ አንጀት ነው። ምስጥ የበላውን እንጨት የሚፈጩለት፣ ሆዱ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ናቸው አለኝ፤ ባክቴሪያ ይላቸዋል። ማንም ያላየውን ዓይነት አግኝቶ ስም ሊያወጣለት ባሕር ተሻግሮ መጣ። ለምስጥ አንጀት ክርስትና የሚያነሳ ሰው አየሁ!

"አቶ ወልዴ፣ ማጉያ መነጽሬ ከአዳማ አይነቃነቅም። ምስጡ በሕይወት ካልደረሰ ድካማችን ከንቱ ነው።"

"በእኔ ይጣሉት!" አልሁ፤ ስለ ምስጥ የማውቀው ነገር ያለ ይመስል።

ሰኞ ከሰዓት፣ ሞጆ። ወንዙ ዳር በሶ በጥብጠን ጠጣን። ሐኪሙ ኩይሳ ቆፍሮ የነበረችንን አንዲት ጣሳ በምስጥ ሞላት።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ መቂ። ኩይሳው ከእኔ ይረዝማል። ሐኪሙ ዓይኑ በራ፤ የፈለገው ይኼን ነው። ሌላ ጣሳ ስላልነበረን ካሳደረችን ከአደ ጫልቱ አንድ ቅል በአሞሌ ጨው ወሰድሁ።

"ለወተት ነው፣ ኦቦ ወልዴ?"

"ለፈረንጁ ምስጥ ነው። በወይራ አጥኚልኝ።"

"ምስጡን ልታረጋው ነው እንዴ?"

"የእንግዳ ዕቃ ሳይታጠን ይሰጣል? አጥኚ ብያለሁ!"

እየሳቀች ውስጡ እስኪጠቁር አጠነችው። ሐኪሙ ኩይሳው ሥር ተደፍቶ ስለነበር አላየንም። ምስጡን ከነአፈሩ ጨምሬ ከደንሁ።

ሐሙስ ቀትር፣ አዳማ። የሞጆውን ምስጥ አንጀት መስተዋት ላይ አድርጎ በማጉያው አሳየኝ። የገበያ ቀን ነው! ክር የመሰለው ይጠማዘዛል፣ ነጥብ የመሰለው ይጋፋል። ከዚያ ቅሉን ከፈተ። ምስጡ ሁሉ ተኮራምቶ ሞቷል። በመነጽሩም ሲያይ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።

ሐኪሙ ተቀመጠ። "የመቂ ምስጥ መንገድ አይችልም። ይህንኑ ጽፌ ሰኞ በባቡሩ እሄዳለሁ" ብሎ ብዕሩን አነሳ።

የወይራው ጢስ ሽታ ከቅሉ እየወጣ አፍንጫዬን ይመታኛል። ካገባሁ ጀምሮ "ተሳሳትሁ" ስል ሚስቴ እንኳ አልሰማችም። ዝም ብል ደግሞ ውሸቱ መጽሐፍ ውስጥ ሊገባ ነው።

"አይጻፉ!" አልሁ።

"ምነው?"

"ምስጡ መንገድ ይችላል። ያልቻለው የእኔን ጽዳት ነው። ቅሉን እንደ ወተት ዕቃ አሳጥኜዋለሁ።"

አፍንጫውን ቅሉ ውስጥ ከትቶ አሸተተ። ሲያወጣው ጥላሸት ለብሷል። "ማን አዘዘዎት?"

"ማንም። ክብር መስሎኝ ነው።"

ብዕሩን አስቀመጠ። እኔም የሚለውን ሳልጠብቅ፣ በቅሎዎቹ ደክመዋልና ሌላ ልለምን ጎረቤት ሄድሁ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ፣ ሚስቴ አዲሱን ገንቦ ልታጥብልኝ ስታነሳ ከእጇ ነጥቄ፣ ከነአቧራው ጭኜ፣ ወደ መቂ ተነሳሁ።