የፈትሂያ ድርሻ ያልነበሩት መልመጃዎች

ቡታጅራ ውስጥ ፈትሂያን የሚያውቅ ሁሉ «ጨዋ ልጅ» ይላታል፤ ዝም ስለምትል ነው። ወላሂ ሰው ዝምታና ጨዋነት አንድ ይመስለዋል! እኔ ሰልሚያ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ አብሬያት ተቀምጫለሁ፤ የማውቃት ፈትሂያ ግትር ናት። የሒሳብ አስተማሪያችን መልሱን ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ዓይኗን በእጇ ትሸፍን ነበር። «ምን ሆንሽ? ቅጂ እንጂ!» ስላት፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ ራሴ ልሞክረው» ትለኛለች። ታናድደኝ ነበር።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሁለታችንንም ጣለን፤ የአጎቴን ልጅ ሙባሪክንም። እኔ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠርኩ፣ ሙባሪክ ባጃጅ ያዘ፣ ፈትሂያ መስቃን ከቤተሰቦቿ ጋር በርበሬ ማሳ ላይ ቀረች። ብዙም ሳይቆይ ቆሼ የሚኖረው አጎቷ ፓስፖርቷን አስወጥቶ መጣ። ሪያድ፣ የቤት ሠራተኝነት፣ ሁሉ ነገር አልቋል። ፈትሂያ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷ ፊት ጮኸች፤ አልሄድም አለች። አጎቷ ክፉ ሰው አይደለም። «እሺ፣ እስከ አረፋ እዚህ ሥራ ካገኘች ትቅር፤ ካላገኘች ግን ትሄዳለች» ብሎ ቃሉን ሰጠ።

ያኔ ነው ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚሰጥ የፕሮግራሚንግ ትምህርት ያገኘችው። እኔንና ሙባሪክንም አስመዘገበችን። ትምህርቱ ሦስት ክፍል አለው። ቪዲዮውን በስልክ ማየት ይቻላል፤ ከእያንዳንዱ ክፍል በኋላ ግን አርባ አርባ መልመጃ አለ፣ ሁሉም ካልገባ ሰርተፍኬት የለም። ላፕቶፕ ደግሞ የእኔ መሥሪያ ቤት አሮጌ ላፕቶፕ ብቻ ነው፤ እሱም ደንበኛ ሲጠፋና መብራት ሲኖር። ፈትሂያ መልመጃውን ቤቷ ደብተር ላይ በእርሳስ ትሠራና በእግሯ ከተማ ትመጣለች። ታይፕ አድርጋ ታስኬደዋለች። እምቢ ካለ አጥፍታ እንደገና። በቀን ሁለት መልመጃ፣ ቢበዛ ሦስት።

በመሃል ወልቂጤ ያለ አንድ ድርጅት ለመድኃኒት ቤቶች ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ወጣ። ሰርተፍኬት ያለው ይመዝገብ፣ የቀረው አሥራ አምስት ቀን ብቻ ነው። ፈትሂያ ገና የመጀመሪያውን ክፍል መጨረሷ ነበር።

ብልጧ እኔ ምን አልኩ? «እንካፈለው!» አልኩ። የእነ ፈትሂያ በርበሬ ሲደርስ ከልጅነታችን ጀምሮ ሦስታችን መስመር ተካፍለን ነው የምንለቅመው። ማታ ሁሉም አንድ ጆንያ ውስጥ ይገባል፤ ይቺን ማን ለቀማት ብሎ የሚጠይቅ የለም። መልመጃውንም እንደዚያ አደረግነው። የመጀመሪያውን ክፍል ፈትሂያ ሠርታዋለች። ሁለተኛው ሉፕ ነው፣ ኮምፒውተሩ አንድን ሥራ እየደጋገመ እንዲሠራ የሚታዘዝበት፤ እሱን እኔ ወሰድኩ። ሦስተኛውን ሙባሪክ። ከዚያ ስም ስሙን እየቀያየርን አንዳችን ከሌላችን እንገለብጣለን።

ፈትሂያ አልፈለገችም። «እኔ በእጄ ካልሠራሁት አይገባኝም» አለች።

«አታካብጂ ባክሽ! ቪዲዮውን አይተሽው የለ? ሪያድ መሄድ ነው የምትፈልጊው?» አልኳት። ጮኼባታለሁ፣ ደንበኞች እየሰሙ። የእኔን አርባ መልመጃ በአንድ ከሰዓት ገልብጣ ጨረሰች፤ ሰርተፍኬቱንም ራሴ በከለር አተምኩላት። ሙባሪክ ባጃጁ መስታወት ላይ ካልለጠፍኩ ብሎ አሳቀን።

ለድርጅቱ የመቀጠሪያ ፈተና በጉብሬ በኩል ወልቂጤ ሄድን። ኢንተርኔት የለም፣ ስልክ የለም፣ ሁለት ጥያቄ። አንዱ፦ የመድኃኒቶች ዝርዝር ይኸው፣ ጊዜ ያለፈባቸውን የሚለይ ፕሮግራም ጻፉ። ሌላው፦ በየመደርደሪያው የቀረውን የሚቆጥር። ሁለቱም ሉፕ ናቸው። ሁለቱም የእኔ ድርሻ።

ጣቶቼ ራሳቸው ይሮጡ ነበር። ቀና ስል ፈትሂያ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፤ እጆቿ ኪቦርዱ ላይ ናቸው፣ ግን አይንቀሳቀሱም። አየችኝ። እኔ አቀርቅሬ መጻፌን ቀጠልኩ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «ሰውየው ቪዲዮው ላይ ሲያወራ ገብቶኝ ነበር፣ ሰልሚያ። እጄ ግን አያውቀውም።» ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔ አለፍኩ። ሙባሪክ ወደቀና ወደ ባጃጁ ተመለሰ። አረፋ ደረሰ፣ ዘመድ ከአዲስ አበባ ገባ፣ የእነ ፈትሂያ ቤት ሞላ። አጎቷ በሰው ፊት ጭንቅላቷን እየደባበሰ፣ «ሞክራለች እኮ፣ አላህ አላለውም» አለ። አላህ ምን አደረገ! እኔ ነኝ፣ እኔ! አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ከምበላው ሥጋ ጋር ዋጥኩት። በሁለተኛው ሳምንት ሄደች።

ለአንድ ወር ድምፅዋ ጠፋ። ከዚያ አንድ ዓርብ ቴሌግራም ላይ ጻፈችልኝ። ስልኳን እመቤቲቱ ነች የምትይዘው፤ ዓርብ ዓርብ ለግማሽ ሰዓት ትሰጣታለች። ስለ ሥራው ብጠይቃት፣ «የሉፕ መልመጃዎቹን ላኪልኝ» አለችኝ። «መልሱን አይደለም፣ ጥያቄውን ብቻ። ደብተር ይዤ መጥቻለሁ።»

ወልቂጤ፣ ቢሮዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ እያለቀስኩ የመጀመሪያዎቹን አሥር ጽፌ ላክሁላት። በሚቀጥለው ዓርብ የደብተሯ ፎቶ መጣ። በእርሳስ ነው፤ ጠርዙ ላይ ውኃ ነክቶታል። አንድ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጽፌ አስኬድኳቸው። ዘጠኙ ልክ ናቸው። አሥረኛው፣ ያ የወልቂጤውን ፈተና የሚመስለው፣ እሱም ልክ ነው። ያውም ከእኔ አጠር አድርጋ ነው የሠራችው።

«ጎበዝ» ብዬ ከአሥራ አንድ እስከ ሃያ ያሉትን ላክሁላት። ይኸው ስምንት ዓርብ አለፈ። አጎቷም አያገኛት፣ አባቷም አያገኛት። መልእክቴ ላይ አሁንም አንድ ምልክት ብቻ አለ፤ አልተነበበም።