የዱላ ሻጭ ልጅ ብረት ሲመርጥ

ስደተኛ ሁሉ «በሌሊት ወጣሁ» ይላል። እኔ ግን ከሰቆጣ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን፣ አሥራ ሁለት ዱላ ትከሻዬ ላይ ተሸክሜ ነው። ለጎረቤቱ ሁሉ «ወልድያ ወርጄ ዱላ ልሸጥ ነው» አልኩ። ማን ይጠረጥራል? አባቴ ዱላ ሻጭ ናቸው። ወይራ ቆርጠው፣ በትኩስ አመድ አቃንተው፣ ቅቤ አጠጥተው ገበያ ያወጣሉ። ገዢውን በአማርኛ ይሁን በኽምጣኛ እንደ አመጣጡ ያነጋግሩታል። ከእኛው አገር ዝቋላ ፍየል እየነዳ የሚመጣውን ሰው ገና ከሩቅ አንድ ጊዜ ያዩትና ከክምሩ አንዱን መዘው ለብቻው ያስቀምጡለታል። ሰውየው ደርሶ ሲያቆመው ደረቱ ላይ ልክ ነው! ሰው በስንዝር ለክተው አያውቁም። «ዓይን ያለው ሰው መለኪያ ምን ያደርግለታል?» ይላሉ።

መኪናው ሊነሳ ሲል መናኸሪያ ድረስ መጡ። ከተሸከምኩት ውስጥ አንዱን መዘው እጄ ላይ አኖሩትና «ይኼን አትሽጠው» አሉኝ። የት እንደምሄድ ማወቃቸውን ያን ጊዜ አወቅሁ። አፍሬ አንገቴን ደፋሁ፣ ቀና ስል መኪናው ታጥፎ ነበር።

ያቺን ዱላ ሞያሌ ድረስ አደረስኳት። ድንበሩን እንደተሻገርን የሚያሻግረን ደላላ «እንጨት ተሸክመህ ነው የምትደበቀው?» ብሎ ነጥቆ ቁጥቋጦ ውስጥ ወረወራት። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል፣ ያልሄደበትም አይስማው። የሎሪ ሆድ፣ እስር ቤት፣ እንደገና የሎሪ ሆድ። ጆበርግ የደረስኩት በሰኔ ነው። ሰኔ እዚህ ብርድ ነው፣ ያውም ጠብታ ዝናብ የሌለው ደረቅ ብርድ። ፓፕ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ አቀረቡልኝ። ገንፎ ነው ስላችሁ ደግሞ እንዳትጎመጁ፣ መሃሉ ላይ ቅቤም ድልህም የለውም፣ ዝም ብሎ ነጭ ነው።

ያገሬ ልጆች ሱቅ ገቡ። እኔ ሱቅ ላይ መቆም አልሆነልኝም፣ ቶሎ እቆጣለሁ፣ ገዢ ሁለቴ ከጠየቀኝ ይበቃኛል። አንዱ ወዳጄ ጎልፍ ክለብ ወስዶ ኬዲ አስገባኝ። ኬዲ ማለት የሀብታም ዱላ ተሸካሚ ነው። ጎልፍ ለማታውቁት፣ የእኛው ገና ጨዋታ በሉት፣ ግን ተጋጣሚ የለም፣ ጩኸትም የለም፣ ኳሷን ጉድጓድ እስክትከት ብቻህን ትመታለህ። እኛ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እንላለን። እዚህ ጌቶቹ ይቆጣሉ፣ ያውም በኬዲው! ሰኞ ሰኞ ሜዳው ለእኛ ለኬዲዎቹ ይለቀቃል፣ እኔም በተሰበረ ዱላ መምታት ጀመርኩ። ሃንዲካፕ የሚሉት ቁጥር አለ። የድክመትህ ቁጥር ነው፣ እሱ ሲበዛ አንተ ታንሳለህ። የእኔ በሁለት ዓመት ከሠላሳ ስድስት ወደ ሃያ ስድስት ወረደ።

በዚህ መሃል እህቴ ሙሉ ደወለች። «የአባዬ ዓይን እየፈዘዘ ነው። ሐኪሙ የሄደው አይመለስም፣ የቀረው ስንት ጊዜ እንደሚቆይም እኔ እንጃ ብሏል» አለችኝ። ሳያዩኝ ዓይናቸው ከጠፋ ምን ሰው ነኝ? በማግስቱ የስደተኞች ወረቀት የሚታደስበት ቢሮ ሄድኩ።

«ሥራ?» አለኝ በመስኮቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ።

«ኬዲ። ዕቃ እሸከማለሁ።»

«ይኼን ሁሉ አገር አቋርጠህ የመጣኸው ዕቃ ልትሸከም ነው?»

«አገሬም እሸከም ነበር ጌታዬ፣ እዚያ ግን የሚያሾፍብኝ አልነበረም።»

ቀና ብሎም አላየኝም። በያዝኩት ወረቀት ከአገር ከወጣሁ መመለስ እንደሌለ፣ ቋሚ ሥራና የቀጣሪ ደብዳቤ ካመጣሁ ግን ሌላ ወረቀት እንዳለ ነገረኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኔ ሞኙም ወረቀት ያዡም ሆኜ ወጣሁ።

እንግዲህ ዕድል ስትመጣ ተመልከቱ። ክለቡ ለዕቃ ቤቱ አንድ ቋሚ ሠራተኛ ፈለገ፣ ደብዳቤውም አብሮ ይሰጣል። የሚቀጠረው ግን ጨዋታውን የሚያውቅ መሆን አለበት ተባለና ለሦስት ኬዲዎች ፈተና ወጣ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሰኞ ቀን፣ አሥራ ስምንቱን ጉድጓድ በዘጠና ሁለት ምት ወይም ከዚያ በታች የጨረሰ ያልፋል። ከአንድ በላይ ካለፉ ያነሰ የመታው ይወስዳል። የእኔ ጥሩው ቀን ዘጠና ስድስት ነበር።

አባላቱ ትተዋቸው የሄዱ ዱላዎች ዕቃ ቤት ተደርድረዋል። «አንድ አንድ ስብስብ አይረን ምረጡ» ተባልን። አይረን አናቱ ብረት የሆነው ዱላ ነው፣ እያንዳንዱ ቁጥር አለው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ዱላው ይረዝማል። ዕጣ ስንጥል መጀመሪያ የመምረጥ ዕድል ለእኔ ወጣ። ዕቃ ቤቱን የያዘው ዱላ ጠጋኙ ሚስተር ፒተር ነው፣ ሰባ ያለፈው ሽማግሌ። በእንግሊዝኛ አንቱታ የለም፣ ሽበታሙን ሰው «አንተ» ማለት እስከ ዛሬ አፌ ላይ ይከብደኛል።

ሁለት ዓይነት አይረን ነበር። አንዱ ቀጭን፣ ጀርባው ልሙጥ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ብሌድ የሚሉት። ሌላው ወፍራም፣ ሥሩ ሰፊ፣ ጀርባው የተቦረቦረ፣ ክብደቱ ወደ ዳር ዳር የተገፋ። እኔ የማን ልጅ ነኝ? ቀጭኑን አንስቼ ሚዛኑን በጣቴ ላይ አየሁ፣ ድንጋይ ነካ አድርጌ ድምፁን ሰማሁ። ጥርት ያለ! ወፍራሙን ሳነሳ ሳቄ መጣ። ይኼንን ሰቆጣ ገበያ ይዤ ብቀመጥ በአባቴ ሰው ይስቅባቸዋል።

ሚስተር ፒተር በቀጭኑ ፊት ላይ ስስ ወረቀት ለጠፈና «አሥር ኳስ ምታ» አለኝ። ኳሷ የነካችበት ቦታ ወረቀቱ ላይ ምልክት ይተዋል። አሥር መታሁ። ሲታይ ዶሮ የጫረው ይመስላል፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ ሌላው ጫፍ ላይ።

«ኪሮስ፣ ይኼ ሁልጊዜ መሃሉን ለሚመታ ሰው ነው» አለኝ። «ወፍራሙ መሃሉን ስትስት እንኳ ኳሷን ብዙ አያጣምማትም፣ ከሥሯ ገብቶ ያነሳታል። አንተ ገና እየተማርክ ነው።»

«አባቴ ዱላ ሻጭ ናቸው» አልኩት፣ ደሜ ፈልቶ።

«እንግዲያው አባትህን ጠይቅ» ብሎ መነጽሩን መጥረግ ጀመረ።

ጠየቅሁ? ምን በወጣኝ! ምከረው ምከረው እምቢ ካለህ መከራ ይምከረው የተባለው ለእኔ ነው። ብሌዱን ይዤ ሄድኩ። በየጠዋቱ ከሥራ በፊት በተከራየሁበት ጓሮ እወዛወዛለሁ። እጄ ገናን ነው የሚያውቀው፣ ዝቅ ብሎ ጠርጎ መምታት። ቀጭኑ ብረት ደግሞ መሬቱን ይቆርጠዋል። አከራዬ ማማ ግሬስ አንድ ጠዋት በመስኮት ብቅ አለች።

«ኪሮስ፣ ምን እየቆፈርክ ነው?»

«ጎልፍ እየተለማመድኩ ነው፣ ማማ።»

«ጎልፍ የሚጫወት ሰው የእኔን ጓሮ ቤት አይከራይም» አለችኝ። «ይልቅ ያንን ቦይ እንዳትደፍነው፣ ጎመን እተክልበታለሁ።»

በመጀመሪያው ሰኞ መቶ አንድ መታሁ። ከዘጠና ስድስት መቶ አንድ! በሰባት ቀን ልዩነት ጭራሽ ወደ ኋላ ሄድኩ። ኳሷን በሳትኩ ቁጥር ንዝረቱ እስከ ክርኔ ይደርሳል። እንቅልፍ አጣሁ፣ እህል አልበላ አለኝ። ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ሰቆጣ ደወልኩ።

የሁለቱንም ዱላ ፎቶ ለሙሉ ላኩላትና «ለአባዬ አሳዪያቸው» አልኳት። አባቴ ስልኩን ተቀበሉ።

«ፎቶ ይዋሻል። በአፍህ ንገረኝ» አሉ።

ነገርኳቸው። ውፍረቱን፣ ክብደቱን፣ ድምፁን፣ አያያዙን አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ቀጭኑ እንዴት ጥርት ብሎ እንደሚጮህ ስተርክ ሰሙና «ለማን ነው ዱላው?» አሉ።

«ለእኔ ነው እንጂ፣ አባዬ።»

«ከአሥር ስንቱን በመሃሉ ትመታለህ?»

መዋሸት ፈለግሁ። «ሦስቱን» አልኩ።

«ታዲያ ምን ያከራክርሃል? እኔ ለገዢው እሸጣለሁ እንጂ ለዱላው አልሸጥለትም። ለጎበዝ የምሰጠውን ዱላ ጉልበቱ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ሰጥቼ አውቃለሁ? ድምፁን ትተህ እጅህን እይ። ያንተ እጅ ገና ነው፣ አትፈርበት።»

ሲስቁ ሰማኋቸው። እኔም ሳቅሁ፣ ዓይኔ ግን እንባ ሞላ። አሥር ዓመት ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጬ ዱላውን ብቻ ነው ያየሁት፣ ገዢውን አላየሁም።

ሰኞ በማለዳ ዕቃ ቤት ስደርስ አንድ ነገር አሳሰበኝ። ሌላው ተፈታኝ ከእኔ ቀጥሎ ሲመርጥ ያንን ወፍራም ወስዶት ቢሆንስ? ሚስተር ፒተር ከጀርባው ቦርሳ አወጣ። ሸሽጎልኝ ኖሯል። ወፍራሙ ሰባት ቁጥር ላይ እጀታው አዲስ ቆዳ ተጠቅልሎበታል። ሦስትና አራት ቁጥር ግን የለም።

«ጠፉ?» አልኩት።

«አወጣኋቸው። እነሱ ረጅም ናቸው፣ ኳሷን ለአንተ አያነሱልህም። በምትካቸው ይቺን ውሰድ» ብሎ አናቷ ክብ የሆነች አንዲት ዱላ ጨመረልኝ። «አባትህ ምን አሉ?»

«አንተ ያልከውን።»

«ጥሩ ነጋዴ ናቸው» አለ።

ግማሽ ሰዓት ብቻ ተለማምጄ ገባሁ። ጨዋታውን ሁሉ አልተርክላችሁም፣ እኔም ግማሹን አላስታውሰውም። የማስታውሰው ምራቄ መድረቁን ነው። ከተፈታኞቹ አንዱ ግማሽ ላይ ተናዶ ወጣ። ሌላው ከእኔ ኋላ ነበር። የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ስደርስ ሰማንያ ሰባት መትቻለሁ። አምስት ምት ቀረኝ፣ ጉድጓዱም ከኩሬ ማዶ ነው። ሁለተኛዋን ምት ከኩሬው አፋፍ አደረስኳት። ሦስተኛዋ ውኃውን መሻገር አለባት። ሰባት ቁጥሩን መዘዝኩ።

ሳትኩት። እጄ ነገረኝ፣ ኳሷ የነካችው ጫፉ ላይ ነው። በብሌዱ ቢሆን ኖሮ ያለጥርጥር ውኃ ውስጥ ነበረች። ቀስ ብላ ተነሳች፣ ወደ ቀኝ አዘነበለች፣ ማዶ ዳገቱ ላይ ወድቃ ሣር ይዟት ቀረች። እንዳትንሸራተት በእግዜር ስም ለመንኳት። በአራተኛው አጠገቡ አስጠጋኋት፣ በአምስተኛው ገባች። ዘጠና ሁለት። ሣሩ ላይ ተደፍቼ መሬቱን ሳምኩት። ከኋላዬ የነበረው ልጅ ዘጠና አምስት ይዞ መጣና ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ፣ እግዚአብሔር ይስጠው።

ደብዳቤውን ይዤ ወደ መስኮቱ ሰውዬ ስሄድ ገልበጥ አድርጎ አየው።

«ማኅተሙ ሰማያዊ ነው። እኛ የምንቀበለው ጥቁር ነው።»

«ጌታዬ፣ እኔ ራሴ ጥቁር ነኝ፣ አይበቃም?» አልኩት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት። ግን አልተቀበለኝም። ጥቁሩን አስመታሁ፣ ተመላለስኩ፣ ከወራት በኋላ ወጥቼ የምመለስበት ወረቀት እጄ ገባ።

የዚያ ሳምንት እሑድ ደረሰ። ሙሉ ጋ ደወልኩና አባቴን አቅርቢልኝ አልኳት። «አባዬ፣ ልመጣ ነው! ለፋሲካ እዚያ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። እልል ሲሉ ከሙሉ ጋር አብረው ተሰሙኝ። ያቺ የሰጡኝ ዱላ ሞያሌ ላይ መጣሏን ያን ጊዜ ነገርኳቸው፣ እስከዚያ ቀን ደብቄያቸው ነበር።

«ግድ የለም። ሌላ እየሠራሁልህ ነው፣ አመድ ውስጥ ነው ያለው» አሉ። ቀጥለውም «ከመሬት እስከ ደረትህ ስንት ስንዝር ነው?» አሉኝ።

አባቴ ሰው በስንዝር ጠይቀው አያውቁም። ስመጣ አይተውኝ የሚቆርጡት ዱላ ነበር። ፎቶውን አላይም ያሉት፣ ሁሉን በአፌ ያስነገሩኝ ለምን እንደነበር ገባኝ።

«አባዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የማያዩት?» አልኩ።

«ከመስቀል ጀምሮ ነው፣ ኪሮስ» አለች ሙሉ ከጎናቸው። «እንዳትነግሪው ብለው አስምለውኝ ነው።» ከመስቀል ጀምሮ! እኔ ገና ዱላ ሳልመርጥ።

«ለምን ደበቁኝ?»

«ብነግርህ ወረቀትህን ጥለህ ትሮጥ ነበር» አሉ አባቴ። «አሁን እሱን ተወው። ስንዝሩን ንገረኝ።»

ስልኩን አልጋው ላይ አስቀምጬ ግድግዳው ሥር ቆምኩ። ከወለሉ ጀምሬ በእጄ ለካሁ። መሃል ላይ ተምታታብኝና እንደገና ጀመርኩ።

«ስድስት ስንዝር ከሦስት ጣት» አልኩ።

«ጨምረሃል» አሉ አባቴ። «መናኸሪያው ላይ ሳይህ ስድስት ነበርክ።»