በካሴት የመጣ ሰላምታ

የአባቴን ሰላምታ ለልጄ ማድረስ መቶ ሰማንያ ዶላርና አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። ካሴቱ በነፃ የመጣ ነው፤ ገንዘቡን የበላው ማጫወቻው ነው።

በአብዮቱ ዘመን ካርቱም ጎዳና ላይ ባትሪና ካሴት እሸጥ ነበር። ያን ጊዜ ደብዳቤ እየተከፈተ ስለሚነበብ፣ አባቴ ድምፁን ቀድቶ በመንገደኛ እጅ ላከልኝ። «የእኔን ሰላምታ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ የሚሰማ ካድሬ አይገኝም» ብሎ ነው አሉ። አልተሳሳተም። ጤናዬን ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ የጎረቤቱን፣ የበቅሎዋን ደህንነት ነገረኝ። ከዚያ «ለምትወልዳቸውም ልጆች ሰላም በልልኝ። እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ ስመጣ...» ቀጭ! አለቀ። ካሴት እንደሚገለበጥ የነገረው የለም። ዋናውን ጉዳይ ሳይነግረኝ አረፈ።

ሰላም በልልኝ የተባለ ሰው ካላደረሰ አደራ በላ ማለት ነው። እኔ ደግሞ አትላንታ የወለድኳት አንድ ልጄ ነፍስ ስታውቅ ማጫወቻዬ ሞቶ ነበር። ካሴቱ ሄደ፣ ሲዲው መጣ፣ ሲዲውንም ስልክ ዋጠው። በሁሉም ነግጃለሁ፤ እያንዳንዱ ሲሞት የመጨረሻው ካርቶን የቀረው እኔ እጅ ላይ ነው።

በቀደም ቅዳሜ፣ እዚሁ አትላንታ አጠገብ ማሪዬታ፣ አንድ ሽማግሌ አሮጌ ማጫወቻ ሲሸጥ አገኘሁ።

«ይሠራል?»

«እስኪሸጥ ድረስ ይሠራል።»

የሙያ ባልደረባዬ ነው፤ ሳልከራከር ገዛሁት።

ልጄ ከዱሉዝ መጥታ መኪናዋን ፓርክ እንዳደረገች አስቀምጫት ካሴቱን ከፈትኩላት። ማሽኑ ወዲያው ጥብጣቡን መብላት ጀመረ። የአባቴ ድምፅ ያለው እሱ ላይ ብቻ ነው። ቀስ ብዬ አወጣሁት።

«እርሳስ አምጪ!»

«ባባ፣ ምን ልትጽፍ ነው?»

ቤት ውስጥ ሦስት ኮምፒውተር አለ፤ እርሳስ የለም። በእስክሪብቶ እያሽከረከርኩ ጠቀለልኩት።

«ላይክ፣ ይኼ ሪፔር ነው?»

«በእኛ ጊዜ ኢንጂነሪንግ ነበር።»

እንደገና ከፈትኩት። ትንሽ ጎርነን ብሎ፣ አባቴ መጣ። ልጄ በበቅሎዋ ጤና ሳቀች። «ለምትወልዳቸውም ልጆች ሰላም በልልኝ» ሲል ግን ሳቋን አቆመች። እኔን እንኳ «አንተ» የምትል ልጅ ወደ ማጫወቻው ጎንበስ ብላ፣

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። «እርስዎስ እንደምን ነዎት፣ አባባ?»

«እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ ስመጣ...» ቀጭ!

«ዋናው ጉዳይስ?»

«እኔም እሱን እየጠበቅኩ ነው።»

ወጪ፣ መቶ ሰማንያ ዶላር። ያልደረሰ ሰላምታ፣ የለም።