በራጁ ላይ የወጣው መስቀል

አሰጋሽ ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ተወለደች። ወላጆቿ ከመተማ በኩል ለሰሊጥ አጨዳ መጥተው የቀሩ ናቸው። የራጅ ሙያ ልትማር ካርቱም ገብታ ሦስተኛ ዓመቷን እንደጨረሰች ጦርነቱ መጣ። ወደ ገዳሪፍ ስትመለስ አንድ ኬላ ላይ የታጠቁ ሰዎች አውቶቡሱን አስቆሙት። ማንም ሳይጠይቃት ማተቧን በጥሳ በመስኮት ጣለችው። ሰዎቹ ወደ እሷ እንኳ አላዩም። ከዚያ ወዲህ የሚያስቃትም የሚያስለቅሳትም የለም። ብርድ ነው ሲሏት ትደርባለች፤ ብይ ሲሏት ትበላለች።

ትምህርቱን ግን ገዳሪፍ ላይ ቀጠለች። የቀራት አንድ የተግባር ፈተና ነው፤ የአንድ ታካሚ የደረት ራጅ ማንሣት። ያለፈ ይመረቃል፤ እዚያው ሆስፒታል ይቀጠራል። በራሱ ስሕተት ፎቶ የደገመ ግን ይወድቃል፤ ታካሚው በከንቱ ሁለተኛ ጨረር ይወስዳልና። የወደቀ ዓመት ይጠብቃል።

ፈታኟ ናጂያ የራጅ ክፍሉ ኃላፊ ናት፤ የከሰላ ሰው።

«ያላ፣ አሰጋሽ፤ ሰውሽ መጥቷል» አለቻት።

ሰውየው ስንሻው ይባላል። ሀዋታ አካባቢ ሰሊጥ ሲያጭድ ሳል ይዞት ሦስት ሳምንት አልለቀቀውም። አንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ፣ በማተቡ ላይ የአውራ ጣት ያህል የብረት መስቀል አለ።

«ልብስህን አውልቀህ ይኼን ጋውን ልበስ። መስቀሉንም አንሣው፤ ብረት ፎቶ ላይ ይወጣል።»

ስንሻው መስቀሉን በመዳፉ ሸፈነው። «ማተቤን ፍታ ነው የምትይኝ?»

አዎ ማለት ነበረባት። የተማረችው እንዲያ ነው፤ አንገት ላይ ያለ ሁሉ ይወልቃል። ቃሉ ግን አልወጣትም።

«ከደረትህ ላይ አንሣው ነው ያልሁህ።»

«እሱማ ቀላል ነው» አለና ከመጋረጃው ኋላ ገባ።

አጫጆች ሲያጎነብሱ መስቀሉ ከሰሊጡ ጋር እንዳይጠላለፍ ወደ ጀርባቸው ያዞሩታል። ስንሻውም አዞረውና ጋውኑን ከላዩ ለበሰ። አሰጋሽ ክሩ አንገቱ ላይ እንዳለ አየች። በጋውኑ ሥር መዳሰስ ነበረባት፤ አልዳሰሰችም።

«እታለም፣ ሳንባዬን ስታይ የትናንቱን ፉል እንዳታይብኝ።»

«ፉሉ ሆድህ ውስጥ ነው። ደረትህን ከሰሌዳው አስጠጋ። ትንፋሽህን ሳብ። ያዝ።»

ፎቶው ወጣ። በቀኝ ሳንባው አናት ላይ መስቀሉ ነጭ ሆኖ ጉብ ብሏል፤ ክሩ የሚያልፍበት ቀለበት ሳይቀር ይታያል።

ናጂያ ተጠግታ አየችው። «ጀርባው ላይ ነው» አለች። ቀጥላም፣ «ሌላው ሁሉ ጥሩ ነው። መስቀል መሆኑን ለሐኪሙ እጽፍለታለሁ። ካልደገምሽ አሳልፍሻለሁ።»

«ከመስቀሉ ሥር ያለው አይታይም።»

«ከደገምሽ ዓመት ነው፣ አሰጋሽ።»

«አውቃለሁ።»

ሐዘን ይመጣ እንደሆነ ጠበቀች። አልመጣም። ወደ ስንሻው ተመለሰች።

«ማተብህን አትፍታ። መስቀሉን ወደ ፊት መልሰህ፣ ክሩን ወደ ላይ ሳብና በጥርስህ ያዘው።»

«እንደ በቅሎ ልለጎም?»

«እንደ በቅሎ።»

«ኧረ ይኼን ቀድመሽ ብትነግሪኝስ!»

ስንሻው ክሩን ነክሶ በአፍንጫው አየር ስቦ ያዘ። በሁለተኛው ፎቶ መስቀሉ በነበረበት ቦታ ትንሽ ደመና የመሰለ ነገር ታየ። ናጂያ አየችው። ዛሬውኑ ሐኪም እንዲያየው ጻፈች፤ በፈተናው ወረቀት ላይ «አላለፈችም» ብላ ፈረመች። አሰጋሽም ከፊርማዋ ሥር ፈረመች።

ስንሻው ለብሶ ወጣ። በምራቁ የረጠበውን መስቀል በሸሚዙ ጠረገ።

«አበላሸሁብሽ እንዴ?»

«አንተ አይደለህም። ሐኪሙ ሁለተኛው በር ላይ ነው፣ በግራ። ሳታየው እንዳትሄድ።»

ማታ እናቷ ደጅ ላይ ጠበቀቻት። «እንዴት ሆንሽ?»

«ወደቅሁ።»

«በምን?»

«አንዱን ሰው ማተብህን ፍታ ማለት አቃተኝ።»

እናቷ የልጇን ባዶ አንገት አየች። እራት አቀረበችላት።

«ብይ» አለቻት።

በላች።