የእማማ ሐሊማ ምንጭ

ልጅ እያለሁ፣ አሶሳ ውስጥ ቅዳሜ ማለት ለእኔ ጫካ ማለት ነበር። ጎረቤታችን እማማ ሐሊማ ማጭዳቸውን ይዘው በራችን ሲያልፉ ከኋላቸው እወጣለሁ። ማንጎ ነጋዴ ነበሩ፣ የበርታ ሴት። ከከተማው ዳር ወዳለው የቀርከሃ ጫካ የሚወስዳቸው ግን ገበያ አልነበረም። መሄድ ይወዱ ነበር። ደረቁ ቅጠል ከእግራችን ሥር እየተንኮሻኮሸ፣ እርጥብ አፈር እየሸተተን፣ ብዙም ሳናወራ እንጓዛለን።

ጫካው ውስጥ ካለችው ምንጭ ስንደርስ ሥራ አለ። የወደቀውን ቅጠል ከውሃው እናወጣለን፤ በበጋ እሳት እንዳይደርስባት በዙሪያዋ ያለውን ሣር እናጭዳለን። ያዘዛቸው አልነበረም። «ውሃ የጠጣ፣ ውሃ ይጠብቃል» ይሉኝ ነበር።

ስድስተኛ ክፍል ስደርስ አከራያችን የጭነት መኪናውን ምንጯ አፍ ላይ ማሳጠብ ጀመረ። ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ታደለ ይለው ነበር፤ እኔ ዛሬ ጋሽ ብዬ አፌን አላደክምም። ሰላምታ በአገጩ የሚመልስ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ ሰው ነበር። የተቃጠለው ዘይት ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ እያየ ጥርሱን ይፍቅ ነበር።

አንድ ቅዳሜ መኪናው ሲመጣ እማማ ሐሊማ መንገዱ ላይ ቁጭ አሉ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ተነሺ፣ አንቺ ሴትዮ» አለ ታደለ በመስኮቱ ብቅ ብሎ።

«አንተ መኪና ያጥባል፣ የእኛ ልጆች ዘይት ይጠጣል» አሉት ረጋ ብለው። «ወላሂ አልነሳም።»

አነጋገራቸውን እየደገመ ሳቀባቸው። እሱ ራሱ ሳይሳሳት የሚናገረው አማርኛ ስድብ ብቻ ነበር። ከዚያ እኔን አየና ሾፌሩን አባቴን እንዲጠራ ላከው።

አባቴ መምህር ነው። ደን ሲጠፋ ምንጭ እንደሚደርቅ ክፍል ውስጥ ያስተማረኝ እሱ ነው። እያለከለከ ደረሰና ለታደለ እጅ ነሳ። «ይቅርታ ጋሼ፣ ልጅ ነች፣ አታውቅም» አለ። ክንዴን ይዞ እየጎተተ ወሰደኝ። ዞሬ ሳይ እማማ ሐሊማ ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

የቀረውን የሰማሁት ከሰፈር ሴቶች ነው። ውሃ ሊቀዱ የመጡት እናቶች ጀሪካናቸውን እያስቀመጡ አንድ በአንድ ከእማማ ሐሊማ ጎን ተቀመጡ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ታደለ መኪናውን ወደኋላ አስነድቶ ሄደ፤ ምንጯ አጠገብም ዳግመኛ አልታየም። እኔ ግን ቤት ውስጥ ነበርኩ። አባቴን ከዚያን ቀን ጀምሮ ለዓመታት ናቅሁት።

አሁን እዚያው አሶሳ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ክረምት በመጣ ቁጥር አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰን «በጎ ፈቃደኞች» ተብለን ችግኝ እንተክላለን። ባለፈው ክረምት የወጣነው ከዚያ ጫካ ጥግ ነበር። አለቃችን አንዲት ችግኝ ይዞ አራት ጊዜ ፎቶ ተነሣ። ጫማው ጭቃ እንዳይነካው ካርቶን ተነጥፎለት ነበር።

ልንሄድ ስንል እማማ ሐሊማ በዱላ እየተደገፉ መጡ። አርጅተዋል። ጎንበስ ብለው አንዱን ችግኝ በጣታቸው ዳበሱና ቀና ብለው አዩኝ።

«ፕላስቲክ አላወጣችሁም» አሉ። «ሥሩ የት ይሄዳል?»

አለቃችን ሳቅ አለ። «እማማ፣ የሚመለከተው አካል ያየዋል» አላቸው።

የአውቶቡሱ ጥሩምባ ሲጮህ ወጥቼ ወንበሬን ያዝኩ። በመስኮቱ ሳይ እማማ ሐሊማ ተንበርክከው የመጀመሪያውን ችግኝ እየነቀሉ ፕላስቲኩን ይቀድዱ ነበር። አባቴን ያስጎነበሰው ልጆቹን ይዞ ቤት አልባ የመሆን ፍርሃት ነው። እኔን ግን ያስፈራራኝ ሰው አልነበረም። የታሸገ ውሃና ብስኩት እየታደለ ነበር፤ እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩ።