«ልቆርብ ነው» ያልኩ ዕለት

ከዛሪማ ስንመለስ ሊማሊሞ መሀል ላይ ሚኒባሷ ቀጥ አለች። ጉሙ ወርዶ የመኪናዋ አፍንጫ እንኳ አይታይም። ረዳቱ ጎማ ስር ድንጋይ ሊወሽቅ ዘሎ ወረደ... ውስጥ የቀረነው ደግሞ በየፊናችን ታቦት መጥራት ጀመርን።

ከጎኔ ያሉት እናት «ጊዮርጊስ!» አሉ። ከኋላ አንዱ «ኪዳነ ምሕረት እናቴ!» አለ። እኔም አፌ ላይ የመጣልኝን «ሚካኤል!» አልኩ።

እናትየዋ ዞር ብለው አዩኝ። «ሚካኤልን ትዘክራለህ ልጄ?»

«አይ... እናቴ ናት የምትዘክረው።»

«አንተሳ?»

ለወግ ያህል ነው የጠየቁኝ። ሹፌሩም ወዲያው አስነሳት፣ ደባርቅም በሰላም ገባን። እኔ ግን ያችን «አንተሳ?» ይዣት ወረድኩ። እውነትም የራሴ የምለው የለኝም! በአርባ ቀኔ ስጠመቅ የጠየቀኝ የለም፤ ብጠየቅም መልሴ ለቅሶ ነበር። ማዕተቡን ያሰረችልኝ እናቴ፣ ጾም መግባቱን የምትነግረኝ እናቴ። ዲግሪው የራሴ ነው፣ ሥራ ማጣቱም የራሴ ነው... እምነቴ ግን የቤተሰብ ነው፣ ልክ እንደ ቤታችን በሬ።

ከራሴ ጋር ስሟገት ሰነበትኩ። አንድ ቀን ከከተማ ወጣ ብዬ ገደል አፋፍ ላይ ተቀመጥኩና «ጌታ ሆይ፣ ከእንግዲህ በእናቴ በኩል አይደለም፣ በቀጥታ ነው የማናግርህ» አልኩት። በራሴ ሳቅኩ። ሳልጨርስ እንባዬ መጣ። በቃ አመንኩ። ንስሐ ገብቼ ልቆርብ ወሰንኩ።

ጥፋቴ ይህንን ለሰው መንገሬ ነው።

«እማ፣ ልቆርብ ነው።»

ሽሮ እየነፋች ነበር። ወንፊቱ ከእጇ አመለጠ። «እልልልል! የማን ልጅ ናት?»

ለካ እኛ ሰፈር ጎረምሳ የሚቆርበው ወይ በቁርባን ሲያገባ ነው፣ ወይ ሊሞት ሲል!

«ማንም የለችም እማ። ብቻዬን ነው የምቆርበው።»

«እሺ እሺ፣ ይፋ እስኪሆን አትናገር» ብላ ጠቀሰችኝ። በነጋታው ጌሾ ገዛች።

ወሬው ዳባት ያለችው አክስቴ ጋ ሲደርስ ደግሞ ሌላ መልክ ይዞ ደረሰ። «ብቻውን ሊቆርብ ነው» የሚለውን በስልክ ሰምታ፣ ያችን «ብቻውን» አንጠልጥላ በመጀመሪያው መኪና ከች አለች። ጥቁር ለብሳለች። ገና ከበር ግንባሬን ዳሰሰች።

«የቱ ጋ ነው የሚያምህ ዓለሜ?»

«ምንም አያመኝም እትዬ።»

«ሐኪሞቹ ናቸው አትናገር ያሉህ?»

እንግዲህ አስቡት... እናቴ ጓዳ ጌሾ ትወቅጣለች፣ አክስቴ ሳሎን ታለቅሳለች። በጓሮ የመጣ ጎረቤት «እንኳን ደስ ያላችሁ» ይላል፣ በፊት ለፊት የገባው «እግዜር ይማረው» ይላል። አብሮኝ የተመረቀው ጓደኛዬ ደግሞ ደወለ። «ብሮ፣ ልትመንን ነው አሉ... ላፕቶፑን ለማን ነው የምትተወው?»

በመጨረሻ የነፍስ አባታችን አባ ወልደ ማርያም ተጠሩ። እኔም ፈራሁ። እሳቸው ንስሐዬን ካልተቀበሉኝ ቁርባኑም የለም፤ እነዚህን ሁለት ሴቶች አይተው «ቆይ ልጄ፣ ቤታችሁ ይረጋጋ» ቢሉኝ አልፈርድባቸውም። መስቀላቸውን አሳለሙንና ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ታመሃል?»

«አልታመምኩም አባ።»

«ልታገባ ነው?»

«አይደለም።»

«ልትመንን ነው?»

«ኧረ እኔ አባ! ሥራ እየፈለግኩ ነው።»

«ታዲያ ምን ሆንክ?»

«አመንኩ አባ።»

ጓዳ ያለው ሙቀጫ ቆመ።

«እስከ ዛሬስ?»

«እስከ ዛሬማ እናቴ ነበረች የምታምንልኝ።»

አባ ጢማቸውን ጨበጥ አደረጉ። ከዚያ ወደ ጓዳው ዞረው እናቴን «ይኸስ ከሁሉም ይብሳል» አሏት። «ታሞ ቢሆን ጸበል ነበረለት። ሚስትም ብትሆን ይለምዳታል። ይኸ ግን የዕድሜ ልክ ነው።»

ሊከለክሉኝ ነው አልኩ በልቤ።

«ነገ በማለዳ ና። ንስሐህን እሰማለሁ» አሉኝ። ጢማቸው ውስጥ ፈገግታ ያየሁ መሰለኝ።

አባ ገና ከበር ሳይወጡ አክስቴ ቀና አለች። «እንግዲያ አትሞትም?»

እናቴም ከጓዳ ብቅ ብላ «አታገባምም?» አለች።

ምን ልበላችሁ... ሁለቱም እኩል ቅር አላቸው።

ቀኖናዬን ጨረስኩና ትናንት እሁድ ቀኑ ደረሰ። ሰልፍ ያዝን። ከፊቴ ሕፃን ያቀፉ ወላጆች፣ ከኋላዬ ከዘራ የተደገፉ አዛውንት። መሀል ላይ ነጠላዬን ያጣፋሁ እኔ ብቻ። ሰልፍ የሚያስይዘው ዲያቆን መጣና እጄን አየ። ጀርባዬን አየ። እግሬ ስር ሁሉ ፈለገ።

«ወንድም፣ ሕፃኑ የታለ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ወደ ጎን ዞር ብሎ አሳለፈኝ።

ቤት ስደርስ የሰርግ ነው የተባለው ጠላ ደርሶ ጠበቀኝ። አክስቴ ጥቁሯን ለውጣ ነጭ ለብሳለች፣ ጎረቤቱም በሁለቱም በር ገብቶ ተቀምጧል። እናቴ ማሰሮውን አንስታ «ሙሽራ ኖረ አልኖረ ተጠምቋል፣ ይጠጣል!» አለች።

እኔም ጠላውም ሳንጠየቅ ነው የተጠመቅነው... ልዩነታችን እኔ ዘግይቶም ቢሆን «አንተሳ?» የሚለኝ ሰው ማግኘቴ ነው፣ ያውም ሊማሊሞ ላይ።